ለእኛ ሲባል የተፈጠረው የታች ምድብ

የመርካቶ የእሁድ ኳስ ውድድር በላይና በታች ምድብ የተከፈለው በእኔና በጓደኞቼ ምክንያት ነው። ይህን የምናገረው በኩራት አይደለም። ጎበዞች ስለነበርን ሳይሆን ከእኛ ጋር መጫወት የሚፈልግ ሰው ስለጠፋ ነው የተከፈለው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ ከመንዝ መጥቼ በአጎቴ የጨርቅ ሱቅ የምሠራ ጎረምሳ ነበርኩ። ቀን አቡጀዲና ካኪ በሜትር እየለካሁ እሸጣለሁ፤ ሲመሽ የማታ ትምህርት እማራለሁ፤ በቀረው ጊዜዬ ራሴን እንደ ታላቅ የግራ ክንፍ ተጫዋች እቆጥራለሁ። ቀኝ እግረኛ መሆኔ አላሳሰበኝም። ቀኝ ክንፍ ላይ ከእኔ የባሰ ልጅ ይጫወት ነበር፤ ነገር ግን ኳሱን የገዛው እሱ ስለሆነ ማንም ሊያስነሳው አልቻለም። ለእኔ ግራው ደረሰኝ።

ውድድሩን የጀመሩት ሐጂ ናቸው። ሐጂ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው በቆዳ ንግድ የከበሩ የጅምላ ነጋዴ ነበሩ። በዕድሜያቸው ኳስ በእግራቸው ነክተው አያውቁም፤ ግን እሁድ ከሰዓት ከጭድ ተራ በስተጀርባ ካለው ሜዳ ዳር ወንበር አስወጥተው ካልተቀመጡ ሳምንቱ ያለቀ አይመስላቸውም። አንድ እሁድ የየተራው ልጆች በኳስ ሰበብ በድንጋይ ሲፈነካከቱ አዩና፣ «መደባደባችሁ ላይቀር በሥርዓት ተደባደቡ» ብለው ከፒያሳ የሚያብረቀርቅ ዋንጫ ገዝተው አመጡ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር በአንድ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚያስተምሩ ቀጭን ሰው በዳኝነት ተለመኑ። ጭድ ተራ፣ አትክልት ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ጠጋኞች፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች፣ ሌሎችም ቡድን አስመዘገቡ። እኛ የጨርቅ ሱቅ ልጆችም፣ ማንም «እናንተ ደግሞ የት ትሄዳላችሁ?» ስላላለን፣ ተመዘገብን።

አንድ ነገር አይካድም፤ በማሊያ የሚደርስብን አልነበረም። አጎቴ ሱቅ ውስጥ ገዢ ዞር ብሎ ያላየው ብርቱካንማ ሳቲን ተቆልሎ ነበር። አጎቴ «እኔ አላዘዝኩም» ይላሉ፤ አስመጪው «እርስዎ ነዎት ያዘዙት» ይላል፤ ሳቲኑ መሃል ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ለማሊያ እንዲሰጡኝ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ተቆጡ። ኳስ ለእሳቸው የዱርዬ ሥራ ነበር። ቆይተው ሳቲኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «በል ውሰደው፤ ሁለታችሁም ከዓይኔ ዞር በሉልኝ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ውድድራችን ከጭድ ተራ ጋር ነበር። የጭድ ተራ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ጭድ ከመኪና ሲያወርዱና አህያ ላይ ሲጭኑ የሚውሉ ናቸው። እኛ ሳምንቱን ሙሉ ጨርቅ ስናጥፍ የምንውል ነን። ሜዳ ስንገባ ሰው አጨበጨበ። ሳቲኑ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ሜዳ ዳር የቆሙ አንዲት እናት «ሚዜዎች ናቸው እንዴ? ሙሽራው የታል?» ሲሉ ሰማሁ።

የመጀመሪያው ጎል የገባብን እኔ ካልሲዬን ሳስተካክል ነው። ሁለተኛው ሲገባ ሌላውን ካልሲ እያስተካከልኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ካልሲዬን ተውኩት፤ ለውጥ ግን አልመጣም። ጎሉ መረብ ስላልነበረው በረኛችን ኳስ በገባበት ቁጥር ከኋላ ያለው የጭድ ክምር ውስጥ እየገባ ይፈልጋል። ጎል ላይ ቆሞ ካሳለፈው ጊዜ ይልቅ ጭድ ውስጥ ያሳለፈው ይበዛል፤ መጨረሻ ላይማ ራሱ የጭድ ተራ ሰው መስሎ ነበር። ዳኛው አስር ካለፈ በኋላ መቁጠሩን ተዉት።

አንድ ጊዜ ብቻ ኳስ ይዤ ወደ ጎላቸው ገሰገስኩ። ከፊቴ የበር መቃን የሚያክል ተከላካይ ቆሟል። «ይሄንን አታልዬ አልፈዋለሁ» አልኩ በልቤ። ወደ ቀኝ ያዘነበልኩ መስዬ ወደ ግራ ልታጠፍ ስል ሁለት ትልልቅ እጆች ብብቴ ሥር ገቡ። ሰውዬው እንደ ጭድ እስር አነሳኝና ከመስመሩ ውጭ ወስዶ በቀስታ አስቀመጠኝ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ቁም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ የእውነት ሐዘን ነበረ። «እዚያ ውስጥ ትጎዳለህ።»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ዳኛው ፊሽካ ነፉ፤ ግን ምን ብለው እንደሚቀጡት ግራ ገባቸው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉት።

«ለእሱው ብዬ ነው» አለ ተከላካዩ።

ዳኛው እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝና ጨዋታው እንዲቀጥል ምልክት ሰጡ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እኔም እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልተመለስኩም። ያስቀመጠኝ ቦታ ጥላ ነበረው።

ከዚያ በኋላ ከሌሎቹም ጋር ተጫወትን፤ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በመጨረሻ ኮሚቴው ስለ እኛ ለመነጋገር በእትዬ ሻይ ቤት ተሰበሰበ። እትዬ ከጎጃም የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰባተኛ ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ኮሚቴው እሳቸው ቤት የሚሰበሰበው ሌሎቹ ሻይ ቤቶች ሁሉ ጠረጴዛ እየተገለበጠባቸው ስላባረሩት ነው። እትዬ ፊት ጠረጴዛ የሚገለብጥ ወንድ እስካሁን አልተፈጠረም።

የአትክልት ተራው ተወካይ ቀድሞ ተነሳ። «ሐጂ፣ እኛ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስተን ጎመንና ሽንኩርት ስናወርድ የምንውል ሰዎች ነን። ያለችን እሁድ ብቻ ናት። እሷንም ከነዚህ ልጆች ጋር እንድናባክን አይፍረዱብን። ይውጡልን።»

የእኛ ተወካይ እኔ ነበርኩ። የመረጡኝ የማታ ተማሪ ስለሆንኩ አፍ ያውቃል ብለው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጨርቅ እየለካሁ ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ።

«ክቡራን የኮሚቴው አባላት! ስፖርት ማለት ምን ማለት ነው? ስፖርት ማለት አካል የሚጎለምስበት፣ መንፈስ የሚታደስበት፣ ወጣቱ ትውልድ ለአገሩና ለንጉሠ ነገሥቱ…»

የበርበሬ ተራው ተወካይ አስነጠሰው። ልብሱ ሁልጊዜ የበርበሬ ብናኝ ስላለበት አጠገቡ የነበሩትም ተከትለው አስነጠሱ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲያበቁ የት ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ «ክቡራን የኮሚቴው አባላት! ስፖርት ማለት…»

«አንተ ልጅ» አሉኝ ብርጭቆ ሊያነሱ የመጡት እትዬ፤ «ቁጭ በል፤ ሻይህ ቀዘቀዘ።»

ቁጭ አልኩ። እትዬ ወደ ሐጂ ዞሩ።

«ሐጂ፣ እንዲያው ልጠይቅዎት። ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥረውንና ስምንተኛ ክፍል የደረሰውን አንድ ክፍል ያስቀምጡታል? አያስቀምጡትም። እነዚህንም ለብቻቸው ያስቀምጧቸው።»

«ለብቻቸው ከማን ጋር ይጫወታሉ?» አሉ ሐጂ። «እንደነሱ ያለ አለ?» ስድብ አልነበረም፤ ሰውዬው ከልባቸው ነው የጠየቁት።

«ሞልቶ! ሰዓት አዳሾቹ አሉ። ልብስ ሰፊዎቹ አሉ። ሸማኔዎቹ ከበርበሬ ተራ ጋር ተጫውተው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው።»

የታች ምድብ የተወለደው በዚህ ነው። ከታች አንደኛ የወጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ መጨረሻ የሆነ ወደ ታች ይወርዳል ተባለ። ስለ ሽልማቱ ሲነሳ ለታችኞቹ ዋንጫ መግዛት ይበዛባቸዋል በሚለው ሁሉም ተስማማ። ሐጂ ትንሽ አሰቡና፣ «አንድ ሙክት እሰጣለሁ። ደካሞች ናቸው፤ ይብሉበት» አሉ። ተሳቀ። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም በንግግሬ መቋረጥ አኩርፌ ስለነበር አላሰብኩም።

መጀመሪያ አካባቢ በጣም አፍረን ነበር። የምንጫወተው የላይኞቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ተመልካቾቻችን ማንቆርቆሪያና ሰፌድ ይዘው የሚመጡት እትዬና ጭነታቸው እስኪራገፍ የሚጠብቁ አህዮች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ጣመን። ሰዓት አዳሾቹ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በማጉያ መነጽር ጥቃቅን ጥርስ ሲቆጥሩ ስለሚውሉ የሩቅ ነገር አያዩም፤ በረኛቸው ኳስ ሲመጣበት በልማድ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ልብስ ሰፊዎቹ የመኪና ፔዳል መርገጥ የለመደ እግር ስላላቸው በጣም ይፈጥናሉ፤ ግን ያሉበት ቦታ ላይ ነው የሚፈጥኑት። ሸማኔዎቹ ኳስ ሲቀባበሉ ዓይን ያስቀራሉ። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ልክ እንደ መወርወሪያ! ወደ ፊት ግን አይሄዱም። እነዚህ ሰዎች መሃል እኔ ግራ ክንፍ ላይ ስሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋች መሰልኩ። ኳስ አግኝቼ አቀበልኩ። አንድ ቀንማ ያቀበልኩት ኳስ ለራሳችን ሰው ደረሰ።

እየዋለ እያደረ ሰው ቀደም ብሎ መምጣት ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የላይኛውን ምድብ ጭድ ተራ እንደሚያሸንፍ አገር ያውቃል፤ የእኛ ጨዋታ ላይ ግን በሚቀጥለው ደቂቃ ምን እንደሚፈጠር ተጫዋቾቹም አያውቁም። እትዬ የቦንቦሊኖውን ሰፌድ ሁለት አደረጉት። በርበሬ የሚፈጩ ሴቶች ጃንጥላ ይዘው መጡ። አንድ እሁድ ኳስ ልወረውር መስመር ላይ ቆሜ ሳለ ከጭድ መኪናው ኋላ የማውቀው ባርኔጣ ብቅ ሲል አየሁ። ዓይኔ ሲያርፍበት ወዲያው ጠለቀ።

ራት ላይ አጎቴ እንጀራቸውን እየቆረሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንዲያው ሱቅ ሰው ሲያወራ ሰማሁ» አሉ። «ያ በግራ በኩል የሚሮጠው ልጅ ኳስ ሲመጣበት ለምንድን ነው የሚሸሸው?»

«አይሸሽም ጋሼ» አልኩ። «ቦታ እያመቻቸ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው ሲል ነው የሰማሁት።» ወጥ አጠቀሱና፣ «ሰዎቹ እንደሚሉት ቦታውን ሲያመቻች ዓይኑንም ይጨፍናል አሉ» ብለው ጨመሩ።

ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሐጂ በጉን አስመጡ። ነጭ፣ ላቱ የሚከብደው፣ የደላው ሙክት ነበር። ሜዳው ዳር ችካል ላይ ታሰረ፤ ዋንጫው አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጭድና የጎመን ቅጠል እንደልብ በሆነበት ሰፈር ያለፈ ያገደመ ሁሉ ይቀልበዋል፤ በየእሁዱ ስንመጣ ወፍሮ ይጠብቀናል። ዋንጫው ያው ነው። የላይኛው ምድብ ሰዎች ያኔ ነው ማሰብ የጀመሩት። የአትክልት ተራው ተወካይ በጉን ወገቡ ላይ ጨበጥ ጨበጥ አደረገና ሐጂን፣ «ይሄ ለሰዓት አዳሾች ነው?» አላቸው። ድምፁ ቅር ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

የላይኛው ምድብ የመጨረሻ ጨዋታ በጎማ ጠጋኞችና በቆርቆሮ ቀጥቃጮች መካከል ነበር። የተሸነፈው ይወርዳል። የወረደው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ከእኛ ዓይነቶቹ ጋር ተጫውቶ በጉን እንደ ዋዛ ይወስዳል። ይህ ለሁለቱም ገብቷቸዋል፤ አንዱ ለሌላው መግባቱን ግን አላወቁም።

ጨዋታው ገና ሲጀመር የጎማ ጠጋኞቹ በረኛ ኳሱን አቅፎ ወደ ራሱ ጎል ውስጥ ገባ። ጎል። ቀጥቃጮቹ ተያዩ። ወዲያው አንዱ ተከላካያቸው ዞሮ ኳሱን በገዛ በረኛው ላይ በሙሉ ኃይሉ ለጋ። ጎል። ጠጋኞቹ ተናደዱ። ሦስት ሰው ልከው የቀጥቃጮቹን ጎል መጠበቅ ጀመሩ፤ ቀጥቃጮቹም በተራቸው ሄደው የጠጋኞቹን ጎል ዘጉ። ሁለቱም ቡድኖች የሌላውን ጎል በደረታቸው እየተከላከሉ፣ ወደ ራሳቸው ጎል እንዳይመቱ እየተጠላለፉ፣ ማን የማን እንደሆነ ጠፋ። ዳኛው መሃል ሜዳ ላይ ፊሽካቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ስለዚህ ጉዳይ ያነበቡት ነገር እንደሌለ ከፊታቸው ያስታውቃል።

ሐጂ ከወንበራቸው ተነሱ። ከዘራቸውን ይዘው ሜዳ ሲገቡ ሁሉም ባለበት ደረቀ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«ሐጂ… እንዲያው… በጉ…» አለ አንዱ ቀጥቃጭ።

«በጉ ምን አደረገህ?»

ሐጂ ሁለቱንም ቡድኖች ለረዥም ጊዜ ተመለከቷቸው። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ ሁለቱም ቡድኖች አይወርዱም፤ ላይ ቆይተው ጭድ ተራን እየተጋፈጡ ይቀጣሉ። ሁለተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ቡድን በቀጣዩ ዓመት ቢያሸንፍም በግ አይነካም። ሜዳው አጨበጨበ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብነው እኛ ነን፤ ሕጉ አንድ ቀን እኛኑ እንደሚያገኝ አልታየንም።

የእኛ ምድብ መጨረሻ ከሰዓት አዳሾቹ ጋር ደረሰ። ሜዳው ጢም ብሎ ነበር፤ ሰው የጭድ መኪናዎች ላይ ሁሉ ወጥቷል። አጎቴም ከመኪናው ኋላ ወጥተው በይፋ ቆመዋል። ቀኑን ሙሉ ጎል አልገባም። እነሱ አያዩም፤ እኛ ብናይም አንመታም። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኮርና አገኘን። እኔ የማስበው ስለ ኮርናው አልነበረም። ቀደም ሲል አንዱ ሰዓት አዳሽ የሳቲን ማሊያዬን ይዞ ጎትቶኝ ትከሻው ላይ ተተርትሮ ነበር፤ ጀርባዬን ለጨዋታው ሰጥቼ ዳኛውን ስለ ፍትሕ እያስተማርኳቸው ነበር።

«ይህ ማሊያ የተሰፋው በ…» እያልኩ ሳለ ማጅራቴን አንድ ነገር መታኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ሰማይ አየሁ። ቀጥሎ የጓደኞቼን ፊት አየሁ። ሁሉም ይጮሃሉ።

«አገባህ! አገባህ!»

«ማን?» አልኩ።

«አንተ!»

ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብኝም። «አዎ» አልኩ፣ «አይቼው ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኳሱን በማጅራቴ አስቤ እንደገጨሁት ስናገር ኖሬያለሁ፤ አሁን አሁን እኔም ማመን ጀምሬያለሁ። ሰዓት አዳሾቹ በረኛቸው ኳሱ ሲያልፈው የትኛውን ዓይን እንደጨፈነ ሲከራከሩ ሰነበቱ። አጎቴ ወደ እኔ መጥተው ማጅራቴን ዳሰሱልኝ።

«አዩኝ ጋሼ?»

«አየሁህ» አሉ። «ይሄ ጭንቅላት ለአንድ ነገር ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።»

ከደስታው በኋላ ችግሩ መጣ። በጉን ከበን ቆመናል፤ ሁላችንም ፈገግ ብለናል፤ ቢላዋ የሚያነሳ ግን የለም። ለካ ከቡድናችን ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ እስላም ነው። ስንጫወት ትዝ ብሎን አያውቅም። የአንዱ እጅ ያረደውን ሌላው አይበላም።

«እናንተ እረዱት» አለ ሙስሊሙ በረኛችን። «ጎሉን ያገባው የእናንተ ልጅ ነው።»

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። «አንተ ባታድን ኖሮ የኔ ጎል ምን ይሠራ ነበር? እናንተ እረዱት።»

«እኔ ምን አዳንኩ? እነሱ መቼ መቱ?»

«ቢሆንም እረደው!»

«አላርድም አልኩህ!»

ዓመቱን ሙሉ በሽንፈት ተጣልተን የማናውቅ ሰዎች በመሰጣጣት ልንደባደብ ደረስን። በመጨረሻ አንገትና አንገት ስንያያዝ ሐጂ ደረሱ። ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ዕድሜ ልኬን መርካቶ ኖሬ ይሄን ላላስብ!» አሉ። ወዲያው ሰው ልከው ሌላ ሙክት አስመጡ። አንዱ ሐጂ ግቢ፣ አንዱ እትዬ ጓሮ ታረደ። ግማሾቻችን እዚያ፣ ግማሾቻችን እዚህ በላን፤ ከዚያ ሁላችንም እትዬ ሻይ ቤት ተገናኝተን ማን የበለጠ እንደበላ ስንፎካከር አመሸን። የተሸነፉት ሰዓት አዳሾችም ሳይጠሩ መጥተው ሁለቱም ቦታ በልተዋል፤ እነሱም እንደኛው የተደባለቁ ስለነበሩ እኩል ተከፋፍለው ነው የመጡት። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ የታች ምድብ ሽልማት ሁለት በግ እንዲሆን ወሰነ። የጭድ ተራው ግዙፍ ተከላካይ ዋንጫውን በሁለቱም እጆቹ ይዞ መጥቶ፣ በበግ ይለወጥ እንደሆነ ሐጂን በትሕትና ጠየቃቸው። አይለወጥም ተባለ።

እኛ ታዲያ ወደ ላይ ወጣን። ስለዚያ ዓመት የምለው ብዙ የለኝም። ጎል አግብተናል ቢባል ውሸት ነው። አትክልት ተራ ባሸነፈን ቁጥር ከመኪና የተረፈ ጎመን ይልክልን ነበር፤ ዓመቱን ጎመን በጎመን ሆነን ከረምን። ሳቲኑ እየተተረተረ፣ እየተጣጣፈ፣ በመጨረሻ ግማሹ ካኪ ሆነ። ዓመቱ ሲያልቅ መጨረሻ ወጥተን ወረድን፤ ስንወርድ እንደ ሙሽራ ተቀበሉን። ሸማኔዎቹ እልል አሉ። በቀጣዩ ዓመት በማጥቃት ሳይሆን ሌሎቹ ከእኛ ይበልጥ በመሳሳታቸው አንደኛ ወጣን። «በግ አይነካም» የተባለው ሕግ ግን ነበረና ሁለቱን በጎች ሁለተኛ የወጡት ልብስ ሰፊዎች ወሰዱ። እኛ ሄደን በላን፤ እንደ ሰዓት አዳሾቹ ሳንጠራ።

ከዚያ በኋላም ስንወጣ ስንወርድ ውድድሩ አደገ። ከተክለ ሃይማኖትም፣ ከአውቶቡስ ተራም «እኛስ?» የሚሉ ቡድኖች መጡ። ከእኛ የባሱ ነበሩ፤ መኖራቸውን በዓይኔ ባላይ አላምንም። ለእነሱ ሦስተኛ ምድብ ተከፈተ። በስብሰባው ላይ እኔ ራሴ ተነስቼ፣ «እነዚህ ልጆች እሁዳችንን እንዲያባክኑብን አይፍረዱብን» ስል እትዬ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ቆም ብለው አዩኝ። ሌላ ነገር ሳልጨምር ተቀመጥኩ።

ኳስ ያቆምኩት በጉዳት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ጉልበቴን ተጎድቼ» እላለሁ፤ ሰው ደግሞ ሜዳ ላይ ይመስለዋል። የተጎዳሁት አጎቴ ሱቅ ከላይኛው መደርደሪያ ካኪ ላወርድ መሰላል ላይ ወጥቼ ስንሸራተት ነው። ወጌሻ አሸኝ፣ ዳነ፣ ግን እንደ ድሮው መሮጥ እምቢ አለኝ። ድሮ እንዴት እሮጥ እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች ልዩነቱ አልታየንም ይላሉ።

በእኔ ቦታ አንድ የአዝራር ሱቅ ልጅ ገባ። እውነተኛ ግራ እግረኛ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲጫወት ሜዳ ዳር እትዬ አግዳሚ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁት። ኳስ ሲመጣ አይሸሽም። ሰው አታልሎ ያልፋል፤ ቀና ብሎ አይቶ ያቀብላል። ሁለት ጎል አስገባ፤ ሁለቱንም ፊት ለፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ገልጦ። ሕዝቡ በጩኸት ተነሳ። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር በታች ምድብ ውስጥ ተገቢ አልመሰለኝም።

«ቦታ አያመቻችም እኮ!» እያልኩ ጮህኩ። «ቦታ አመቻች! ዝም ብለህ አትሩጥ!»

ልጁ ዞሮ አየኝና ሦስተኛውን ሊያስገባ ሄደ።

እትዬ ብርጭቆዬን ሞልተው አንድ ቦንቦሊኖ በእጄ አኖሩልኝ። «ተወው» አሉኝ። «እሱ ጎበዝ ነው፤ ምን ያድርግ። በል ሻይህን ጠጣ።»

ጠጣሁ። ሻዩ ትኩስ ነበር፤ ጨዋታውም፣ እኔ የሌለሁበት ቢሆንም፣ ጥሩ ነበር።